ለጋሹ የመረጥኩት ድንጋይ

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ትልቅ ሰው ተበቅያለሁ። ብቀላዬንም አሳምሬ ነው የሠራሁት። ለሃያ ሁለት ዓመት ያህል ነገር ሲከፋኝ አውጥቼ የማየው እሱን ነበር፤ ሌላው ሰው የልጅነት ፎቶውን አይቶ ፈገግ እንደሚለው፣ እኔ ጋሹን ምን እንዳደረግኩት አስቤ ፈገግ እል ነበር።

አሁን የምተዳደረው ሰው በማስታረቅ ነው ብል ማን ያምነኛል? አሜሪካ፣ ፕሌኖ ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ የተጣሉ ሠራተኞችን ፊት ለፊት አድርጌ አነጋግራለሁ። በወር አንድ ቀን ደግሞ አዳዲስ አለቆችን ሰብስቤ ስለ ግጭት አፈታት አስተምራለሁ። ነጩ ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ አስቀድሜ የምጽፈው አንድ ነገር ነው፤ ያየኸውን ከገመትከው ለይ። ሰውዬው በሩን በኃይል ሲዘጋው አይተሃል። አንተን ለማናደድ ብሎ ሲዘጋው ግን አላየህም፤ እሱን የጨመርከው አንተ ነህ። ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። እኔ ግን በራሴ ደብተር ጽፌው አላውቅም።

ባለቤቴ ሊዮል ይህን ዕውቀቴን አይወደውም። ስንጣላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እንደገባኝ ከሆነ የተሰማህ ንዴት ነው» ስለው፣ «ኤዱ ፕሊስ፣ ሥራሽን እዚያው ትተሽው ነይ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ዘዴው ቤት ሲገባ ዱላ ይሆናል። ድምፄ ለስላሳ ነው እንጂ ሆዴ ቂም የሚይዝ ነው፤ ማን መቼ ምን እንዳለኝ አልረሳም። ይህ ሁሉ የጀመረው ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ዩለስ ነው።

የምንኖረው አውሮፕላኖቹ ጣሪያችንን ሊነኩት ምንም ሳይቀራቸው የሚያልፉበት አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አባቴ ይርጉ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን ነበር። ጋሹም አብሮት። ጋሹ በሎተሪ መጥቶ መጀመሪያ ያረፈው እኛ ቤት ነው፤ ስምንት ወር ሶፋችን ላይ ተኝቷል። ስርጉትን አግብቶ ከወጣ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ አይቀርም። «ጋሽ ጋሹ» ማለት ስለሚያስቀኝ «ጋሼ» ብቻ እለው ነበር።

የግቢው ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ከኢንሹራንስ ይምጣ፣ ከፍርድ ቤት ይምጣ፣ ሁሉም ፖስታውን ይዞ የኛን በር ያንኳኳል። ሦስተኛ ክፍል ነኝ። ግማሹ አይገባኝም፤ አልገባኝም ብዬ ግን አላውቅም። ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አፍ አፌን ሲያዩ ደስ ይለኝ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የሚያዳምጠኝ ጋሹ ነው። «ዶክተር ኤዶም አለች?» ብሎ ይገባል። አንብቤ ስጨርስ ብርቱካን ሶዳ ይከፍትልኛል፤ እኔ ስጠጣ እሱ የነገርኩትን በከንፈሩ ይደግማል።

እንግዲህ የተበቀልኩት እንዲህ የሚያምነኝን ሰው ነው።

በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ በረዶ ወረደ። መንገዱ ሁሉ መስታወት ሆኖ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ አባቴ ግን ሥራ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሹ ቤታችን መምጣት አቆመ። አባቴም ምግብ አቆመ ማለት ይቻላል። እናቴ ሙሉወርቅ ማታ ማታ ሳህኑን ሳይነካ ስታነሳው ታጉረመርማለች። እኔ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ኩሽና አዙሬያለሁ።

«ባጁን ወሰዱበት አይደል?» አለች አንድ ቀን።

«ሙሉ፣ እኔ ሁለት ዋርኒንግ አለብኝ። ሦስተኛ ከመጣ አለቀልኝ።»

«እሱስ? ሚስቱ እርጉዝ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ! አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!»

አባቴ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔም ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ባጁን የተነጠቀው ጋሹ ነው፤ ባጅ የሚነጠቀው ያጠፋ ሰው ነው፤ አባቴም ሥራውን ሊያጣ ነው። ስለዚህ ጋሹ አንድ ክፉ ነገር ሠርቶ አባቴን ጉድ አድርጎታል። ሒሳቡ አልጎደለኝም።

ፌብሩዋሪ ላይ አቶ ጥዑመልሳን የሚባሉ ሽማግሌ ቤታችን መጡ። ድሮ አስተማሪ የነበሩ፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው፤ ከኢርቪንግ እስከ ጋርላንድ ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ባለንጀራ ቢኳረፍ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። እኔን ወደ መኝታ ቤት ሰደዱኝና በሩን ገርበብ አድርገው አወሩ። የሰማሁት ትንሽ ነው።

«ይቅርብህ ብለንሃል። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ማንም አይጠብቅብህም» አሉ አቶ ጥዑመልሳን።

«አይሆንም ጋሽ ጥዑመልሳን። ድንጋዩን ይዤ ነው የምመጣው» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ቅዳሜ፣ አዲሱ ቤቱ፣ ሳክሲ። አንተው ገዝተህ አንተው ይዘህ ና።»

ጋሹና ስርጉት ሳክሲ ውስጥ ቤት መግዛታቸውን ሰምቻለሁ። ሳክሲን ደግሞ ከክፍሌ ልጅ ልደት አውቀዋለሁ፤ አዲሶቹ ቤቶች ደጃፍ ላይ፣ አበባው መሃል፣ ትልልቅ ድንጋይ ለጌጥ ይቀመጣል። ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። ሶ፣ ምንም የሚያደናግር ነገር አልነበረውም፤ ለአዲሱ ቤታቸው የአትክልት ድንጋይ በስጦታ ይዘን ልንሄድ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም የአትክልት ዕቃ ወደሚሸጥበት መደብር ሄድን። ድንጋዩ ውጭ በየመጠኑ ተደርድሯል። አባቴ አንዱን ያነሳል፣ ትከሻው ላይ ያደርገዋል፣ ትንሽ ቆሞ መልሶ ያስቀምጠዋል። ጥራቱን የሚፈትሽ መሰለኝ።

«ይቺ አትበቃም?» አለች እናቴ፣ አንዲት የድፎ ዳቦ ቁራጭ የምታህለውን እያሳየች።

«ትንሿማ ንቀት ነው የምትሆነው።»

ይህ ገባኝ። ልደት ስንሄድም ስለ ስጦታ እንዲህ ነበር የሚባባሉት።

«እሺ፣ ጠርዙን ደግሞ እይ። የሚቆርጥ እንዳይሆን።»

ይህም ገባኝ። የሚወለደው የጋሹ ልጅ ወድቆበት እንዳይጎዳ ነው።

«እኔ ልምረጥ?» አልኩ። ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ። አባቴ ከመንገዴ ገለል አለ። ሮጥ ብዬ ከዳር ያለውን፣ ቀላ ብሎ ነጭ መስመር ያለበትን መረጥኩ። ክብ ነው፣ ያምራል፣ ጎኑ ላይ የመደብሩ ወረቀት ተለጥፎበታል። አባቴ በሁለት እጁ አቅፎ ሲያነሳው ቃተተ።

«ይሄ ነው» አለ። «ይሄ ልኬ ነው።»

መኪና ውስጥ ድንጋዩ እግሬ ሥር ተቀመጠ። ጫማዬን አውልቄ በካልሲዬ ረገጥኩት፤ ይቀዘቅዛል። መንገድ ላይ ነገሩ ትዝ አለኝና፣ «እማ፣ የስጦታ ወረቀት እኮ የለንም። በምን እንጠቅልለው?» አልኩ።

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። እንደ መሳቅ ብላ ጀምራ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አባቴ በመስታወቱ አየኝ።

«ሳይጠቀለል ነው የሚሰጠው፣ ልጄ።»

ቅዳሜ ሳክሲ ደረስን። ቤቱ አዲስ ቀለም ይሸታል። ስርጉት ሆዷን አስቀድማ ወጥታ ሳመችኝና ብርቱካን ሶዳ አስይዛ በኋላው በር ወደ ጓሮ ላከችኝ። በሩ ተንሸራታች መስታወት ነው፤ ዘጋችው። ድምፅ አይሰማም፤ ማየት ግን ማን ይከለክለኛል? አቶ ጥዑመልሳንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ጋሹ ከፊታቸው ቆሟል። እናቴ ግድግዳው ሥር ናት። አባቴ ወደ መኪናው የወጣ መሰለኝ፤ ስጦታችንን ሊያመጣ ነው ብዬ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ጋሹ ሲደሰት ማየት ፈልጌ ነበር።

አባቴ ድንጋዬን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ገባ። ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ወደ ኋላ ደግፎት፣ ምንጣፉ ላይ ጫማውን አውልቆ። ወረቀቱ አሁንም ጎኑ ላይ አለ። ወደ ጋሹ እግር ሄደ። ያለቅስ ነበር። አባቴን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ፊቱ የማላውቀው ሰው ፊት ሆነብኝ። ጉልበቱን ሊያጥፍ ዝቅ ሲል ጋሹ ዘሎ መጣና ሁለት እጁን ድንጋዩ ላይ አደረገ።

ከዚያ በላይ አላየሁም። ዞሬ እስከ አጥሩ ሮጥኩና ሶዳውን ሣሩ ላይ ደፋሁት። ሁለት እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ አባቴን ወደ መሬት ሲጫነው አይቻለሁ። ለሃያ ሁለት ዓመት ያየሁት እሱን ነው። ዓይኔን ስጨፍን የእጁ ጣቶች እንኳ ይታዩኝ ነበር።

ሲጠሩኝ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይበላሉ። አባቴ ማጅራቱ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል። ጋሹ ያጎርሰዋል። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያስመስል ማየት አስጠላኝ። እኔንም ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ አፌን ገጠምኩ፤ ሁሉም ሳቁ፣ «አፍራ ነው» አሉ። ስንወጣ ድንጋዩ ከበሩ ጎን፣ አበባው አፈር ላይ ተቀምጦ አየሁት። አዋርደውት ሲያበቁ ስጦታውንም አስቀሩት አልኩ።

መኪና ውስጥ ጠየቅኩ። «አባ፣ ለምን እንደዚያ አደረግክ?»

መልስ የሰጠችኝ እናቴ ናት። «ኤዶም፣ ስሚኝ። ስለ ዛሬ ከእንግዲህ አንዲት ቃል አይወራም። ሽማግሌ ፊት ታርቀን፣ ላናነሳው ምለን ነው የወጣነው። ለአክስት አይወራም፣ ለጓደኛ አይወራም። አንቺም አታንሺውም። ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ።

የታረቁበት ነገር አይነሳም። የኛ ሰው እርቅ እንዲህ ነው፤ የተቀበረው ነገር እንዳይቆፈር መሐላ ይጫንበታል። ጥበብ ነው፤ ዛሬ ሥራዬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚያስቀና ጥበብ ነው። ነገር ግን እኔ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሜ ነበር፤ የማላውቀውን ነገር ነው አታንሺ የተባልኩት። ማንም አላስታረቀኝም።

ማርች ላይ ጋሹ ደብዳቤ ይዞ መጣ። አባቴ ሥራ ላይ ነው፣ እናቴ ልብስ ልታጥብ ወርዳለች።

«ዶክተር ኤዶም አለች?»

ፖስታውን ተቀበልኩት። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ ነው። እንደ ሌሎቹ ደብዳቤዎች አልነበረም፤ ይህኛው ከራስ እስከ ግርጌው ገባኝ። ባጁ የተወሰደበትን ጉዳይ እንደገና ሊያዩለት ማክሰኞ ማርች አሥራ አንድ፣ ጠዋት በአሜሪካ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲቀርብ ይላል፤ ምስክሩን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይጠራል። ባይቀርብ ጉዳዩ ይዘጋል። ቀርቦ ከተሰማ ደግሞ ውሳኔው ዓርብ ማርች ሃያ አንድ ይነገረዋል።

ጋሹ ቁጥር ማንበብ ያውቃል። በጣቱ አሥራ አንዱንም ሃያ አንዱንም ነካ። «ሁለት ቀን አይቼበታለሁ። የኔ ቀን የቱ ነው?»

ጣቱን አየሁት። ድንጋዩ ላይ የነበረው ጣት ነው።

«ይሄ» አልኩ፣ ሃያ አንዱ ላይ ጣቴን አድርጌ። «ዓርብ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱ ወረቀት የሚያስገቡበት ነው። ላንተ አይደለም።»

ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ መዳፉ ላይ ጻፈው። በከንፈሩ ደገመው፤ ዓርብ፣ ሃያ አንድ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ እንደ ልማዱ ሶዳዬን ከፈተልኝ። ጠጣሁት። ጣፈጠኝ፤ ልዋሽ አልፈልግም፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሶዳ የለም።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት ዝግ ነበር። ጠዋት አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይደጋግማል። «አይ ዋዝ ድራይቪንግ። አይ ዋዝ ድራይቪንግ።» የምነዳው እኔ ነበርኩ፣ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሾፌርነት ሊቀጠር ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ጉድ ላክ አባ!» አልኩት በበሩ ስንጥቅ። ወጥቶ ጭንቅላቴን ሳመኝ። 

እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። መኪናውን ፓርክ አድርጎ አልወረደም፤ መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። ከመስኮት አየዋለሁ። ቆይቶ ገባና ለጋሹ ደውሎ «ዛሬ ነበር እኮ! ጠዋቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩህ፣ ዘጉት!» ብሎ ጮኸ።

ማምሻውን ጋሹ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ የደብዳቤው ጫፍ ከደረት ኪሱ ይታያል።

«ምን ሆነህ ቀረህ?» አለ አባቴ። «ምንድን ነው ያደረግከኝ ጋሹ?»

ጋሹ ከአባቴ ትከሻ በላይ እኔን አየኝ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሲሪያል እየበላሁ ነበር። ማንኪያዬን አፌ ውስጥ እንዳደረግኩ አፍጥጬ አየሁት።

«እንቅልፍ ጣለኝ» አለ።

«እንቅልፍ?»

«ተኛሁ ይርጉ። በቃ፣ ተኛሁ።»

አባቴ በሩን ዘጋው። በኃይል አልዘጋውም፤ ቀስ አድርጎ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ አልተነጋገሩም። እኔ ደግሞ ጋሹ ያልተናገረው ፈርቶኝ ነው አልኩ። በዘጠኝ ዓመቴ ትልቅ ሰው እንደሚፈራኝ ማወቅ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

አባቴ ባለፈው ኦክቶበር አረፈ። ከቀብር መልስ ጋርላንድ ያለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ሰው እየተሰለፈ ያጽናናናል። ከሰልፉ መሃል ጋሹ ብቅ አለ። ሸብቷል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ ወገቡ ጎብጧል። እኔ ፊት ሲደርስ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ያን ለስላሳ የሥራ ድምፄን ትቼ፣ ስሙን ባዶውን ጠራሁት።

«ጋሹ፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? በቁሙ ድንጋይ ጭነህ ያንበረከክከውን ሰው ቀብር ልታይ ነው የመጣኸው?»

 ጋሹ ባርኔጣውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ምርኩዙን እያስቀደመ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ሲሄድ ሳየው ደስ አለኝ። አባቴን በቀበርኩበት ቀን ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ኩሽና ጠራችኝና ወንበር ሳበችልኝ።

«ማነው ያንን የነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አይቻለሁ። ስጦታችንን አንገቱ ላይ ጭኖ…»

«የምን ስጦታ?»

«ድንጋዩ ነዋ። ለአዲሱ ቤታቸው አትክልት የገዛነው። እኔ አይደለሁ የመረጥኩት?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። የዚያን ቀን መኪና ውስጥ የጀመራት ሳቅ አሁንም የሚመጣ መሰለኝ፤ አልመጣም።

«መሐላው ከአባትሽ ጋር ተቀብሯል፤ እንግዲህ ልንገርሽ» አለች። «በረዶ የወረደ ቀን ሻንጣ ጎታቿን መኪና ይነዳ የነበረው አባትሽ ነው። ተንሸራቶ አውሮፕላን መታ። መኪናዋን በስሙ ፈርሞ የወሰደው ጋሹ ስለነበር፣ ማነው የነዳው ሲሉት አባትሽ ‹ጋሹ ነው› አለ። ፈራ። ስድስት ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። ከዚያ ራሱ ሽማግሌ ለመነ፣ ድንጋይም ልሸከም ያለ ራሱ ነው። ይቅርብህ ቢሉት እምቢ አለ።»

«ጋሹ እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ…»

«ሊያወርድለት ነዋ! የአባትሽ ጉልበት መሬት ሳይነካ ነው ዘሎ ያወረደለት።»

ሲኒዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ ቀጠለች።

«ማክሰኞ ቀን ቀርቦ እኔ ነኝ ብሎ ሊመሰክርለት ሄደ። ጋሹ ቀረ፣ ተኛሁ አለ። አባትሽ እስኪሞት ምን ይል ነበር መሰለሽ? ‹በአፉ ነው እንጂ በሆዱ ይቅር አላለኝም። ዕዳዬን ይዤ እንድቀር ብሎ ነው የቀረው።› ይህን እያለ ነው የሞተው።»

«አባቴስ ብቻውን ገብቶ መናገር አይችልም ነበር?»

እናቴ ጠረጴዛውን በእጇ ጠረገች፤ ምንም የለበትም። «ይችል ነበር» አለች።

ስለ ደብዳቤው አልነገርኳትም። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ አልነገርኳትም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሳክሲ ሄድኩ። ጋሹ የጋራዡን በር ከፍቶ ታጣፊ ወንበር ላይ መንገዱን እያየ ተቀምጧል። ስወርድ አልተነሳም።

«ዶክተር ኤዶም» አለ።

«ጋሼ፣ በአዳራሹ ለተናገርኩዎት… ደግሞም ያ ደብዳቤ…»

«አሥራ አንድ ነው የሚለው። ማክሰኞ» አለ፣ ሳልጨርስ። «አባትሽ ከሰዓት ሲደውልልኝ ሌላ የጭነት ሥራ ላይ ነበርኩ። ደብዳቤውን ነዳጅ ማደያ ለምትሠራ ልጅ አሳየሁ። በአንድ ደቂቃ አንብባ ነገረችኝ።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለምን አልነገሩትም?»

«ምን ልበለው? በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል?»

እንባዬ መጣ። ልስመው ወደ እሱ ስሄድ ምርኩዙን ከፊቴ አጋደመው።

«ቆይ። ላንቺ ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ። ተኛሁ ስለው የአባትሽን ፊት አየሁት። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ባሳየው በዚያች ደቂቃ ይገላገላል። ያን ፊት ሳይ ግን ደስ አለኝ። እንግዲያው ዕድሜህን ሙሉ ተሸከመው አልኩ በሆዴ። ሽማግሌ ፊት ይቅር ብዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዝም በማለት ተበቀልኩት። ቀብሩ ላይ የመጣሁት ይህንን ልናገር ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ።»

አፌ በልማዱ ተከፈተ። «እንደገባኝ ከሆነ የተሰማዎት…»

«እሱን ለቢሮሽ» አለ።

 ወደ በሩ ጎን ሄድኩ። ድንጋዩ አለ። ወረቀቱ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፤ ግማሹ አፈር ውስጥ ሰምጧል፣ ነጩ መስመር ግን ያው ነው። ተንበርክኬ ዙሪያውን በጣቴ ቆፈርኩ። ቀይ ጉንዳኖች ከሥሩ ፈልተው እጄን እስከ አንጓዬ ነከሱኝ። ነቅዬ አወጣሁት። መጀመሪያ ጭኔ ላይ፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ፣ ከዚያ ጎንበስ ብዬ ማጅራቴ ላይ አደረግኩት። አፈሩ በሸሚዜ ውስጥ ወረደ። የመረጥኩ ቀን አላነሳሁትም ነበርና ክብደቱን አላውቅም ነበር።

ወንበሩ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ዘሎ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ጫማውን አያለሁ፤ ጫማው አይንቀሳቀስም።

«ለአባትሽ ቶሎ አወረድኩለት» አለ ከላዬ። «ያን ቀን የምናገረው ነበረኝ። በረዶው ላይ ጥሎኝ ሲሄድ ምን እንደሆንኩ፣ ስርጉት ምን እንዳለችኝ፣ ሁሉን ልነግረው አስቤ ነበር። እሱ አለቀሰ፣ እኔ አወረድኩ፣ ሰው እልል አለ። አንድ ቃል ሳልናገር ታረቅን።»

ወንበሩን ወደኔ ሲስበው ሲሚንቶው ላይ ተንቋቋ።

«ከበደሽ?»

«አዎ።»

«እሺ» አለ፣ ተመቻችቶ ተቀመጠና። «በረዶው የወረደ ቀን ነበር…»

መናገር ጀመረ። እኔም አዳመጥኩት።